የፕሮስቴት ካንሰርን በምስል መለየት፦ ከመሣሪያው ጥያቄው ይቅደም

በዓለም ላይ ወንዶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች መካከል የፕሮስቴት ካንሰር ከሳንባ ካንሰር ቀጥሎ የሁለተኛነቱን ደረጃ ይዞ ይገኛል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ያወጣው አሀዝ እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 1 ነጥብ 47 ሚሊዮን ያህል ወንዶች በሽታው እንዳለባቸው የተረጋገጠ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት 397 ሺህ ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ ሳቢያ ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ላንሴት የተሰኘው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በ2020 1 ነጥብ 4 ሚሊዮን የነበረው የአዳዲስ ሕሙማን ዓመታዊ ቁጥር በ2040 ወደ 2 ነጥብ 9 ሚሊዮን ከፍ እንደሚል ተንብዮአል። የሟቾችም ቁጥር በ85 በመቶ ጨምሮ ወደ 700 ሺህ ይጠጋል ተብሎ ይጠበቃል። ጭማሪው ይበልጥ የሚበረታው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሚሆን ኮሚሽኑ አስታውቋል። ዋነኛው ምክንያት የሰዎች ዕድሜ መርዘሙ ነው። በሽታው በአመዛኙ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶችን የሚያጠቃ በመሆኑ፣ ዕድሜ በረዘመ ቁጥር ተጠቂዎችም ይበረክታሉ።

ይህ ትንበያ የጤናውን ዘርፍ ለሚመሩና በጀት ለሚመድቡ አካላት አንድ ተጨባጭ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ይኸውም ካንሰሩን ፈልጎ ለማግኘትና ያለበትን ቦታ ለይቶ ለማወቅ ከአልትራሳውንድ፣ ከኤም አር አይ፣ ከሲቲ ስካንና ከኑክሌር ሕክምና መሣሪያዎች የትኛው ይበጃል? የሚለው ነው። ባለፉት አሥር ዓመታት ገደማ የወጡ ሰፋፊ ጥናቶች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ግን አንዱን መሣሪያ አሸናፊ፣ ሌላውን ተሸናፊ የሚያደርግ አይደለም። መሣሪያዎቹ የሚመልሱት የተለያየ ጥያቄ መሆኑን ነው ጥናቶቹ የሚያሳዩት።

ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሕክምና የሚሻ ካንሰር አለ ወይስ የለም? የሚለው ነው። ሁለተኛው ካንሰሩ ካለ በዕጢው ውስጥ የትኛው ቦታ ላይ ይገኛል? የሚል ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ ካንሰሩ ከዕጢው አልፎ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ተሰራጭቷል ወይ? የሚለው ነው። አንዱን ጥያቄ በሚገባ የሚመልስ መሣሪያ ሌላውን ላይመልስ ይችላል።

ፕሮስቴት የዘር ፈሳሽን የተወሰነ ክፍል የሚያመነጭ የወንዶች ዕጢ ነው። ከሽንት ፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧን ከብቦ የሚገኝ ሲሆን፣ ከበስተኋላው ፊንጢጣን ተጎራብቶ ይቀመጣል። ከዳሌ አጥንት መሃል ተሸሽጎ የሚገኝ በመሆኑም ከውጭ ሆኖ መመርመሩ ቀላል አይደለም። ለረጅም ዓመታት ሐኪሞች ሲመሩ የኖሩት በጣት በሚደረግ ምርመራና ፒ ኤስ ኤ በመባል የሚታወቀውን ንጥረ ነገር በደም ውስጥ በመለካት ነበር። የዚህ ንጥረ ነገር መጠን ግን ካንሰር በሌለበት የዕጢ ማበጥም ሆነ በኢንፌክሽን ምክንያት ሊጨምር ይችላል። መጠኑ በሚሊ ሊትር ደም ከ4 እስከ 10 ናኖ ግራም ከሆነባቸው ወንዶች መካከል ናሙና ተወስዶ ካንሰር የሚገኝባቸው ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ናቸው።

ለአብነት አንድ የ62 ዓመት ጡረተኛ የደም ምርመራ አድርጎ ውጤቱ 7 ናኖ ግራም ሆነ እንበል። ይህ ሰው ካንሰር ሊኖርበትም ላይኖርበትም ይችላል። ቢኖርበት እንኳ ሕይወቱን የሚያሰጋ ወይም በዕድሜው ዘመን አንዳች ጉዳት የማያደርስ ሊሆን ይችላል። የምስል ምርመራ ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ አንጋፋው በድምፅ ሞገድ የሚሠራው አልትራሳውንድ ነው። በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ቀጭን መሣሪያ የፕሮስቴትን ምስል የማንሳቱ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በጃፓናዊው ሐኪም ሂሮኪ ዋታናቤ ለሕክምና አገልግሎት የበቃ ነው። በ1989 ደግሞ የአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በአልትራሳውንድ እየተመሩ ከዕጢው ስድስት ቦታዎች ናሙና የመውሰድን ሥርዓት አስተዋወቁ። የናሙናው ቁጥር ከጊዜ በኋላ ወደ 10 እና 12 ከፍ ብሏል። መሣሪያው ዋጋው ከሌሎቹ ዝቅ ያለ፣ ከቦታ ቦታ ለመንቀሳቀስ የሚመችና ጨረር የሌለው በመሆኑ በበርካታ አገሮች ዛሬም ቀዳሚ ተመራጭ ነው።

ድክመቱ የሚታየው ምስሉን ለማንበብ ሲሞከር ነው። የካንሰር ሕብረ ሕዋስ በአልትራሳውንድ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ከጤናማው ጋር ይመሳሰላል። በመሆኑም ሐኪሙ መርፌውን የሚሰነዝረው ካንሰሩን አይቶ ሳይሆን ዕጢውን አይቶ ነው። መርፌው በካንሰሩ ጎን ሊያልፍ ይችላል፤ በአንጻሩ ጉዳት የማያደርስ ጥቃቅን ካንሰር ላይ ሊያርፍም ይችላል።

ኤም አር አይ ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጣ ነው። መሣሪያው በኃይለኛ ማግኔትና በራዲዮ ሞገድ የሚሠራ እንጂ ጨረር የሚጠቀም አይደለም። በፕሮስቴት ምርመራ በርከት ያሉ ዓይነት ምስሎች ተጣምረው ይነበባሉ። አንደኛው የዕጢውን ቅርጽና አወቃቀር ያሳያል። ሁለተኛው በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ የውሃን እንቅስቃሴ ይለካል፤ ካንሰር ባለበት ቦታ ሕዋሳቱ ተጠጋግተው ስለሚገኙ ውሃው እንደልብ አይንቀሳቀስም። ሦስተኛው በደም ሥር የሚሰጥ ማድመቂያ መድኃኒት ወደ ዕጢው እንዴት እንደሚገባ ይከታተላል።

የሁለቱን ዘዴዎች ልዩነት በግልጽ ያሳየው በብሪታንያ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ፕሮሚስ የተባለው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ 576 ወንዶችን በሁለቱም መንገድ ከመረመሩ በኋላ፣ ትክክለኛውን ውጤት ለማወቅ የዕጢውን ክፍሎች በሙሉ በ5 ሚሊ ሜትር ርቀት እየለዩ ናሙና ወስደዋል። በዚህም መሠረት አደገኛ ካንሰር ካለባቸው ሰዎች መካከል ኤም አር አይ 93 በመቶ የሚሆኑትን ሲለይ፣ በአልትራሳውንድ ብቻ የተመራው የናሙና ምርመራ የለየው 48 በመቶ የሚሆኑትን ነው። በሌላ አነጋገር የተለመደው ዘዴ ከሁለት ሕሙማን አንዱን ያህል አምልጦታል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የዚሁ ጥናት ሌላው ገጽታ ሊዘነጋ አይገባም። አደገኛ ካንሰር የሌለባቸውን ሰዎች ነጻ በማለት ረገድ ኤም አር አይ ያስመዘገበው ውጤት 41 በመቶ ብቻ ነው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ያለ ምክንያት ተጠርጥረዋል። በአልትራሳውንድ ተመርቶ የሚወሰደው ናሙና ግን በዚህ ረገድ 96 በመቶ አስመዝግቧል። ስለዚህም ኤም አር አይ ናሙና መውሰድን የሚተካ ሳይሆን ማን ናሙና መስጠት እንዳለበትና መርፌው የት ማረፍ እንደሚገባው የሚጠቁም ነው።

ይህን አሠራር በተግባር የፈተነው ፕሪሲዥን የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ለኅትመት በቅቷል። በ11 አገሮች 500 ወንዶችን ያሳተፈው ይህ ጥናት ግማሾቹን በተለመደው መንገድ፣ ግማሾቹን ደግሞ በቅድሚያ በኤም አር አይ መርምሯል። ኤም አር አይ በቀደመበት ወገን 28 በመቶ የሚሆኑት ወንዶች ናሙና መስጠት ሳያስፈልጋቸው ቀርቷል። አደገኛ ካንሰር የተገኘባቸው 38 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው መንገድ የተገኘባቸው 26 በመቶ ናቸው። እምብዛም ጉዳት የሌለው ካንሰር የተገኘባቸው ደግሞ ከ22 በመቶ ወደ 9 በመቶ ዝቅ ብለዋል። የብሪታንያ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2019 ባወጣው መመሪያ ኤም አር አይ ከናሙና ምርመራ በፊት እንዲቀድም ያደረገው እነዚህን ከመሳሰሉ ማስረጃዎች በመነሳት ነው።

ጉዳት የሌለውን ካንሰር አለማግኘት እንደ ስኬት መቆጠሩ ለብዙዎች እንግዳ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ፕሮቴክት የተሰኘው የብሪታንያ ጥናት ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። ጥናቱ ካንሰራቸው ከዕጢው ያልወጣ 1 ሺህ 643 ወንዶችን ለ15 ዓመታት ያህል የተከታተለ ሲሆን፣ በ2023 የወጣው ውጤት በዚሁ በሽታ የሞቱት 3 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው፣ ጨረር በተሰጣቸውና በክትትል ብቻ በቆዩት መካከል የጎላ የሞት ልዩነት አልታየም። ቀዶ ሕክምናና ጨረር ግን ሽንትን ለመቆጣጠር አለመቻልን፣ የወሲብ ድክመትንና የአንጀት ችግርን ሊያስከትሉ ይችላሉ። ካንሰር ሁሉ መገኘት አለበት የሚል ፖሊሲ ጤነኛ ሊባል የሚችለውን ሰው ወደ ሕመምተኛነት የመለወጥ አደጋ አለው።

የኤም አር አይ ትልቁ ችግር ውድነቱና የሚሻው ባለሙያ ነው። ምስሉ ከ1 እስከ 5 በሚደርስ ዓለም አቀፍ መለኪያ የሚነበብ ቢሆንም፣ ሁለት ራዲዮሎጂስቶች አንድን ምስል አንብበው የተለያየ ነጥብ ሊሰጡ ይችላሉ። ልምድ በሌለው እጅ ያለ ዘመናዊ መሣሪያ ልምድ ባለው እጅ ካለ መለስተኛ መሣሪያ ላይሻል ይችላል።

ከዚህ አንጻር እ.ኤ.አ. በ2025 የወጡ ሁለት ጥናቶች አቅማቸው ውስን ለሆነ አገሮች ልዩ ትርጉም አላቸው። የመጀመሪያው ፕራይም የተባለው ጥናት ሲሆን፣ ማድመቂያ መድኃኒት ሳይሰጥ የሚነሳው አጭር ኤም አር አይ ከሙሉው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሚያንስ መርምሯል። በ490 ወንዶች ላይ በተካሄደው በዚህ ጥናት አጭሩ ምርመራ 29 በመቶ በሚሆኑት ላይ አደገኛ ካንሰር እንዳለ ሲያሳይ፣ ሙሉው ምርመራ ያሳየው በ30 በመቶ በሚሆኑት ላይ ነው። ልዩነቱ ኢምንት ነው። አጭሩ ምርመራ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚወስድ ሲሆን፣ ሙሉው ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። በአንድ መሣሪያ በቀን የሚስተናገደውን ሰው ቁጥር ከፍ ለማድረግና የመድኃኒቱን ወጪ ለማስቀረት ያስችላል። ጥናቱ ይህ የሚሠራው የምስሉ ጥራት በሚገባ ሲጠበቅ መሆኑንም አስገንዝቧል።

ሁለተኛው ኦፕቲመም የተባለው ጥናት ነው። ይህኛው የመረመረው ማይክሮ አልትራሳውንድ የተባለውን፣ በ29 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራና ከተለመደው አልትራሳውንድ እጅግ የጠራ ምስል የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ከ678 ወንዶች በተገኘው ውጤት በማይክሮ አልትራሳውንድ ብቻ የተመራው ናሙና በ47 በመቶ ላይ አደገኛ ካንሰር ሲያገኝ፣ በኤም አር አይ የተመራው በ43 በመቶ ገደማ ላይ አግኝቷል። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት ድምዳሜ አዲሱ ዘዴ ከኤም አር አይ አያንስም የሚል ነው። አንጋፋው አልትራሳውንድ በታደሰ መልኩ ወደ ውድድሩ ተመልሷል ማለት ይቻላል። ሐኪሙ ተጠርጣሪውን ቦታ እያየ በዚያው ቅጽበት ናሙና መውሰድ መቻሉም ሕመምተኛውን ከመመላለስ ያድነዋል። ይሁንና ሙያው የተለየ ሥልጠና የሚጠይቅ ከመሆኑም በላይ ካንሰሩ ከዕጢው ርቆ መሄዱን አያሳይም።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ካንሰሩ መሰራጨት አለመሰራጨቱ፣ ሌላ ዓይነት መሣሪያ ይሻል። ለዚህ ተግባር ለአሥርተ ዓመታት ሲያገለግሉ የቆዩት ሲቲ ስካንና የአጥንት ስካን ናቸው። ሲቲ ስካን የሊምፍ ዕጢ በካንሰር መያዙን የሚገምተው በመጠኑ ነው። በመሆኑም ዕጢው ሳያብጥ በውስጡ ያለውን ካንሰር አያየውም። የአጥንት ስካን ደግሞ የሚያሳየው ካንሰሩን ራሱን ሳይሆን አጥንቱ ለጉዳት የሚሰጠውን ምላሽ ነው። የቆየ ስብራትና የመገጣጠሚያ ሕመምም በምስሉ ላይ ደምቀው ሊታዩ ይችላሉ።

አዲሱ ዘዴ ፒ ኤስ ኤም ኤ ፔት ስካን በመባል ይታወቃል። በፕሮስቴት ካንሰር ሕዋሳት ገጽ ላይ በብዛት ከሚገኝ ፕሮቲን ጋር የሚጣበቅ አነስተኛ መጠን ያለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጥና፣ የተጠራቀመበት ቦታ በምስል ይታያል። ፕሮ ፒ ኤስ ኤም ኤ የተባለውና እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የአውስትራሊያ ጥናት ከ300 በሚበልጡ፣ ካንሰራቸው የመሰራጨት ዕድሉ ከፍተኛ በሆነ ወንዶች ላይ ሁለቱን አነጻጽሯል። የአዲሱ ዘዴ ትክክለኛነት 92 በመቶ ሲሆን፣ የሲቲና የአጥንት ስካን ጥምር ውጤት 65 በመቶ ነው። ሕመምተኛው የሚያገኘው የጨረር መጠንም ከ19 ነጥብ 2 ወደ 8 ነጥብ 4 ሚሊ ሲቨርት ዝቅ ብሏል።

ይህ ውጤት በሕክምናው ውሳኔ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ቀላል አይደለም። ካንሰሩ አጥንት ውስጥ መግባቱ አስቀድሞ የታወቀ ሰው ዕጢውን ብቻ በማውጣት አይድንም፤ ለከንቱ ቀዶ ሕክምናም አይዳረግም። ሆኖም ፒ ኤስ ኤም ኤ ፔትም የራሱ ወሰን አለው። ከፕሮስቴት ካንሰሮች መካከል ጥቂቶቹ ፕሮቲኑን በበቂ መጠን ስለማያወጡ በምስሉ ላይ አይታዩም። አልፎ አልፎም ካንሰር ያልሆነ ነገር ካንሰር መስሎ ይታያል። ካንሰሩን በዕጢው ውስጥ ለማግኘት ከኤም አር አይ ጋር ቢጣመር እንደሚረዳ በ2021 ይፋ የሆነ ሌላ የአውስትራሊያ ጥናት ያመለከተ ሲሆን፣ ሁለቱ በአንድነት 97 በመቶ የሚሆኑትን አደገኛ ካንሰሮች ሲያገኙ ኤም አር አይ ብቻውን 83 በመቶ የሚሆኑትን አግኝቷል።

የአቅርቦቱ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም የከበደ ነው። ጋሊየም 68 የተባለው ንጥረ ነገር ኃይሉ በ68 ደቂቃ፣ ፍሎሪን 18 ደግሞ በ110 ደቂቃ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። እንደ ሌላው መድኃኒት ከውጭ አስመጥቶ በመጋዘን ማቆየት አይቻልም። ወይ ሳይክሎትሮን የተባለው ማምረቻ፣ ወይም ጋሊየም የሚያመነጭ አነስተኛ ጀነሬተር በአቅራቢያው ሊኖር ይገባል። ፔት ስካን ለሌላቸው ነገር ግን ጋማ ካሜራ ላላቸው ሆስፒታሎች በቴክኒሺየም 99 የሚሠራ የፒ ኤስ ኤም ኤ ምርመራ መኖሩ መካከለኛ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ምስሉ የፔትን ያህል የጠራ ባይሆንም፣ ንጥረ ነገሩ ለአጥንት ስካን ከሚውለው ጋር አንድ በመሆኑና ኃይሉ በግማሽ የሚቀንሰው በ6 ሰዓት በመሆኑ በነባሩ መሠረተ ልማት መሥራት ያስችላል።

ከዚህ ሁሉ ለኢትዮጵያና መሰል አገሮች የሚገኘው ትምህርት የመሣሪያ ግዢ ከጥያቄው መነሳት እንዳለበት ነው። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ብቻ ሲሰጥ ቆይቶ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወደ ክልሎች መስፋፋት ጀምሯል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 በአዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ወቅት የካንሰር ሕክምናን ለማስፋፋት ያለመ የተስፋ ጨረር የተሰኘ መርሐ ግብር ይፋ አድርጓል። እንዲህ ያሉ ዕድሎች ሲገኙ ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ማወቅ ያሻል።

በዚህ ረገድ ቅደም ተከተሉ ትልቅ ቦታ አለው። በርካታ ወንዶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ሽንት ከተዘጋባቸው ወይም ወገባቸውን ክፉኛ ካመማቸው በኋላ በሆነበት ሁኔታ፣ የመጀመሪያው ሥራ የደም ምርመራን፣ የሠለጠነ የአልትራሳውንድ ባለሙያንና ናሙናን አንብቦ ውጤት የሚሰጥ የፓቶሎጂ ላቦራቶሪን ማዳረስ ነው። ናሙናውን የሚያነብ ሳይኖር የተገዛ ኤም አር አይ ጥርጣሬን እንጂ ውሳኔን አያመጣም። ሁለተኛው እርምጃ ቀድሞውኑ ለአእምሮና ለአከርካሪ ምርመራ የሚያገለግሉ የኤም አር አይ መሣሪያዎች ባሉባቸው ሆስፒታሎች አጭሩን የፕሮስቴት ምርመራ ማስጀመርና የሚያነቡትን ራዲዮሎጂስቶች ማሠልጠን ነው። ለዚህ አዲስ ሕንፃም ሆነ አዲስ ማግኔት ላያስፈልግ ይችላል። ፔት ስካን የሚከተለው የተሰራጨውንና ያልተሰራጨውን ለይቶ ማከም የሚያስችል የቀዶ፣ የጨረርና የመድኃኒት ሕክምና በበቂ ሁኔታ ሲሟላ ነው።

የግዢ ሰነዶችም የመሣሪያውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የጥገና ውልን፣ የመለዋወጫ አቅርቦትን፣ የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ኃይልንና የባለሙያ ሥልጠናን ሊያካትቱ ይገባል። በብልሽት ሳቢያ ቆሞ የሚከርም መሣሪያ ያልተገዛን ያህል ብቻ ሳይሆን ከዚያም የከፋ ነው፤ ለሌላው ይውል የነበረውን በጀት ይዞ ቆሟልና።

ከላይ በአብነት ወደተነሳው የ62 ዓመት ጡረተኛ ስንመለስ፣ እርሱ የሚፈልገው የመሣሪያውን ስም አይደለም። ካንሰር አለብኝ ወይ? ካለብኝስ መታከም አለብኝ ወይስ ክትትል ይበቃኛል? ለሚለው አስተማማኝ መልስ ይሻል። ለዚህ ሰው በመጀመሪያ የጠራ የዕጢ ምስል፣ ቀጥሎ በትክክለኛው ቦታ ላይ ያረፈ ናሙና፣ ውጤቱ አደገኛ መሆኑ ከታወቀ ብቻ ደግሞ የሰውነት ሙሉ ምርመራ ያስፈልገዋል። ይህን ሰንሰለት ሳይበጠስ መዘርጋት የጤናው ዘርፍ አመራሮችና የበጀት ባለሙያዎች የጋራ ኃላፊነት ሲሆን፣ ሰንሰለቱ ከቀለበቶቹ አንዱ በጎደለ ጊዜ የቀሩት የቱንም ያህል ውድ ቢሆኑ ሕመምተኛውን ከሚፈልገው መልስ እንደማያደርሱት ሊታወቅ ይገባል።